ተኝተው ስላልተቆጠሩ ዐሥራ አንድ ሕፃናት

ኩሲራንታ፣ ፊንላንድ
እሑድ፣ በየካቲት አጋማሽ

ለክቡር አቶ ኢስሞ ሃርዩላ፣
የኩሲራንታ ከተማ የሕፃናትና የመዝናኛ አገልግሎት ኃላፊ፤

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በሞቀ ክፍልና በተመቸ ወንበር ላይ እንደሚያገኝዎ ተስፋ አደርጋለሁ። ግልጽ ደብዳቤ ያደረግሁትም ቀደም ሲል የላክሁልዎ ሁለት ደብዳቤዎች እንደታሸጉ መቅረታቸውን ስለተረዳሁ፣ ይህን እንኳ ከመክፈት ድካም ላሳርፍዎ ብዬ ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ እኔ የሚወራውን ላርም። በገበያው፣ በቤተ መጻሕፍቱና እንደሰማሁት በእርስዎም መሥሪያ ቤት፣ «አውኔ ፓሶነን የከተማው ልጅ ቆጣሪ በመጣች ጊዜ ድስት እየደበደበች ዐሥራ አንድ ሕፃናት ከእንቅልፋቸው ቀሰቀሰች» ይባላል። ስህተቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ድስት አልነበረም፤ ልጆቹን ለመሰብሰብ የምጠቀምባት የናስ ቃጭል ነበረች። ሁለተኛ፣ አልደወልኋትም። አለመደወሌን ግን እንደ በጎ ሥራ እንዳይቆጥሩልኝ እለምናለሁ፤ ምክንያቱን በቦታው እጽፋለሁ።

በአሮጌው ወፍጮ ሜዳ አርባ አንድ ዓመት የሜዳ አክስት ሆኜ አገልግያለሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል፣ እናቶች ልጆቻቸውን ትተውልኝ ይሄዳሉ። መራመድ የቻሉት በአሸዋው፣ በዥዋዥዌውና በበረዶው ቁልቁለት ይጫወታሉ፤ ያልቻሉት ነፋስ በማይደርስበት በጡቡ ግድግዳ ሥር በጋሪያቸው ተሸፋፍነው እንደ አገራችን ልማድ በደጅ ይተኛሉ። ብርዱ ከዜሮ በታች ዐሥር ካለፈ ጨቅላዎቹን ወደ ቤታቸው እመልሳለሁ፤ ካላለፈ አልመልስም። ይህን ለእርስዎ ማስረዳት ባላስፈለገኝ ነበር፤ ከግድግዳው ሥር ሦስተኛው ቦታ፣ ከውኃ መውረጃው አጠገብ ያለው፣ የእርስዎ ነበርና። እናትዎ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «አውኔ፣ ይኸ ልጅ ቤት ውስጥ ዓይኑን አልከድንም ብሎ ይገድለኛል፤ እዚህ ሳመጣው እንደ ግንድ ይጋደማል» ይሉኝ ነበር።

አሁን ወደ ቅሬታዎቼ ልለፍ። በተማርሁበት ትምህርት ቤት ቁጥር የሌለው ቅሬታ ማጉረምረም ይባል ስለነበር በቁጥር አስቀምጣቸዋለሁ።

1ኛ. ስለ ደብዳቤዎ። ሜዳው ከነገ ሰኞ ጀምሮ እንደሚዘጋ ባለፈው ሰኞ ስላስታወቁኝ አመሰግናለሁ። የአምስት ቀን ማስጠንቀቂያ ለአርባ አንድ ዓመት ሲካፈል ለአንዱ ዓመት ሦስት ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ቢሆንም ከምንም ይሻላል። ደብዳቤው «የውጭ እንቅስቃሴ ድጋፍ ሰጪ» ይለኛል። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ወድቆ ጉልበቱ ሲላጥ «ድጋፍ ሰጪዬ!» ብሎ አይጮህም፤ «አክስቴ!» ነው የሚለው። ሦስቱን የፊደል ግድፈቶች በቀይ አርሜ መልሼልዎታለሁ።

2ኛ. ስለ ቆጠራው። ዐሥር ተጠቃሚ ያልሞላው ሜዳ ይዘጋ ብለው ምክር ቤቱን ማስወሰንዎን አልቃወምም። ሆኖም ለሦስት ቀን የላኳት ቆጣሪ፣ ወይዘሮ ሶይሌ፣ ከሞቀ መኪናዋ ሳትወርድ ሦስት ልጆች ብቻ ጻፈች። በሁለተኛው ቀን መስኮቷን አንኳኩቼ ወደ ግድግዳው አመለከትኋት።

«እነዚያስ?» አልኋት።

«እማማ፣ እነሱማ ተኝተዋል» አለች። «ቅጹ የሚለው ‹በእንቅስቃሴ ላይ ያሉ› ነው።»

«ይተነፍሳሉ እኮ።»

«ለመተንፈስ የሚሆን ዓምድ አልሰጡኝም» ብላ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ አፈረች። «እኔ ምን ላድርግ፣ የኔ እናት? የሰጡኝን ነው የምሞላው።»

ከግድግዳው ሥር ዐሥር ጋሪ ነበር፤ አንዱ የመንታዎች ስለሆነ ሕፃናቱ ዐሥራ አንድ ናቸው። ሦስትና ዐሥራ አንድ እኔ በተማርሁት ሒሳብ ዐሥራ አራት ነው፤ በእርስዎ መሥሪያ ቤት ሦስት ሆኖ ቀርቷል። በሥራ ሰዓት የተኛ አይቆጠርም የሚለው ደንብ በከተማው ምክር ቤት የከሰዓት ስብሰባም ላይ ይሠራ እንደሆነ በትሕትና እጠይቃለሁ፤ የሚሠራ ከሆነ ምልዓተ ጉባኤ ተሟልቶ አያውቅምና፣ ሜዳውን የዘጋው ውሳኔም ፈራሽ ነው።

3ኛ. ስለ ምትኩ። ከጎማ መሸጫው በስተ ጀርባ ስለከፈቱልን የቤት ውስጥ መጫወቻ አመሰግናለሁ። በግድግዳው ላይ ጫካ ተስሏል። ጥዶቹ በረዶ አይጥልባቸውም፣ ነፋስ አያወዛውዛቸውም፣ ፍሬያቸውንም ጥለው የጽዳት ሠራተኛ አያስቸግሩም። በሩ ላይ «ጋሪ ማስገባት ክልክል ነው» ይላል።

4ኛ. ስለ ቃጭሏ። በሦስተኛው ቀን ብርዱ ከዜሮ በታች ስድስት ነበር። ሶይሌ መኪናዋን አቁማ ቅጿን አውጥታለች። ቃጭሏን ይዤ ወደ ግድግዳው ሄድሁ። አንድ ጊዜ መደወል ይበቃ ነበር፤ ዐሥራ አንዱም ይነቁ፣ ይጮሁ፣ ይንፈራገጡ፣ በቅጹ ላይም ይሰፍሩ ነበር፤ ሜዳውም ይተርፍ ነበር። በመጀመሪያው ጋሪ የተኙት መንታዎቹ ናቸው። አፋቸው ተከፍቷል፤ ጉንጫቸው ቀልቷል፤ የአንደኛው ጓንት ወልቆ በሌላኛው ጆሮ ላይ ወድቋል። ጓንቱን መልሼ አጠለቅሁለት፤ ቃጭሏ እንዳታንሾካሹክ ምላሷን በጣቶቼ ይዤ ተመለስሁ። የተኛ ሕፃን አይቀሰቀስም ተብዬ ነው የተማርሁት፤ ከዚያ ወዲህ ይህን ትምህርት ያሻሻለልኝ የለም።

ቁጥር ልሰጠው ያልቻልሁት አንድ ነገር ቀርቷል።

የመንታዎቹ እናት ሰኒያ ትባላለች። አሳንሰር በሌለው ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች፤ ባሏ እንጨት ቆራጭ ስለሆነ ሁለት ሁለት ሳምንት ጫካ ይቀራል፤ የቤቱ ማኅበር በግቢው ጋሪ ማቆም ከልክሏል። ቤት ውስጥ አንደኛው ልጅ ዓይኑን ሲከድን ሁለተኛው ጮኾ ያነቃዋል። እርሷ ከሃያ አራቱ ሰዓት ዓይኗን የምትከድነው እነርሱ እኔ ዘንድ በሚቆዩባት ሦስት ሰዓት ነው። ከትናንት በስቲያ ዓርብ ልትወስዳቸው መጥታ፣ «አክስቴ፣ ከሰኞ ጀምሮ የት ላድርጋቸው?» አለችኝ። ከሌላ ሰው አጣምማ እንዳትሰማው ብዬ የቃጭሏን ነገር ነገርኋት። ታመሰግነኛለች ብዬ ጠብቄ እንደነበር አልደብቅዎትም።

«ምነው በደወሏት!» አለች። «አንድ ቀን ቢያለቅሱ ምን ይሆኑ ነበር? አሁን በየቀኑ ሊያለቅሱ አይደል!»

ከተማው ስለ እኔ የሚያወራው ሐሰት ነው፤ ሰኒያ ግን እውነት ቢሆን ኖሮ ትወድ ነበር።

ይህን የምጽፈው ውሳኔዎ ይለወጣል ብዬ አይደለም። የይግባኙ ጊዜ ዓርብ አልፏል፤ ዥዋዥዌውን የሚነቅለው መኪናም ማክሰኞ እንደሚመጣ ተነግሮኛል። ፋይሉ ተዘግቶ መደርደሪያ ላይ ከመውጣቱ በፊት፣ ዐሥራ አንድ የሚል ቁጥር በውስጡ አንድ ቦታ ተጽፎ እንዲገኝ ብቻ ነው።

ጊዜዎን ስለሰጡኝ፣ ባይሰጡኝም፣ እያመሰገንሁ፤ ለእርስዎና ለመሥሪያ ቤትዎ ማንም የማያውከው ዕረፍት እየተመኘሁ፤ በማይገባኝ አዲስ ማዕረጌ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

አውኔ ፓሶነን፣
የውጭ እንቅስቃሴ ድጋፍ ሰጪ፤
እስከ ዓርብ ድረስ አክስት

ማስታወሻ፦ ነገ ስለማደርገው ደግሞ ሌላ ወሬ እንዳይነሣ፣ በቅደም ተከተሉ ራሴ ልንገርዎ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ቴርሞሜትሩን አይቼ፣ የሚጠይቀኝ ባይኖርም፣ በደብተሬ እጽፋለሁ። ቀጥሎ ከግድግዳው ሥር ያለውን በረዶ እጠርጋለሁ፤ ያልተጠረገ ቦታ ማስረከብ ነውር ነው። ከዚያ የበሩን ቁልፍ በታዘዝሁት መሠረት ለጸሐፊዎ አስረክባለሁ። ቃጭሏ የከተማው ሳትሆን የራሴ ንብረት ናት፤ ቢሆንም ከቁልፉ ጋር እተውልዎታለሁ፤ በከሰዓቱ ስብሰባ ታስፈልግዎታለች። ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሰኒያ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ወጥቼ አንደኛውን መንታ እይዝላታለሁ። እንደማይተኛ አውቃለሁ። ወይዘሮ ሶይሌን ከላኩልን ግን በደስታ እናስተናግዳታለን፤ ነገ ሁለቱም ነቅተው ስለሚያለቅሱ ይቆጠራሉ።