ለእንግዳ ተከፍቶ ለሬሳችን ስለተዘጋው መንገድ

ላስ ሴይባስ፣ ቻግሬስ ወንዝ ዳር፣ እ.ኤ.አ. 1856

ለክቡር የፓናማ ግዛት ገዢ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የእኛ መንደር ወባ እልፍኝዎን እንዳይደፍር ዘወትር የምጸልይልዎ እኔ አምብሮሲዮ፣ ሐዲዱ ከመዘርጋቱ በፊት መንገደኞችን በታንኳ አመላልስ የነበርኩ ዜጋዎ፣ በታላቅ ትሕትና እጅ እነሣለሁ።

አስቀድሜ ምስጋናዬን ላቅርብ። መንግሥታችን ከሰሜን አሜሪካ ጋር የተዋዋለውን ውል ቄሳችን ሲያነቡልን በደስታ አጨብጭበን ነበር። እንግዶቹ ከባሕር ወደ ባሕር ሲሻገሩ የአገሩ ተወላጅ ያለው መብት ሁሉ ይኖራቸዋል ይላል። እኛ ሞኞቹ መብት ያለን መስሎን ኮራን። አሁን ግን ጥቂት አቤቱታ አለኝ።

አንደኛ፣ ሐዲዱ በመንደራችንና በመቃብራችን መካከል አልፏል። ሙታኖቻችንን ከእኛ ጫጫታ ስላሳረፉልን እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፣ ትናንት ማክሰኞ እናቴ ዶኛ ኢሲድራ አረፈች። በእኛ ዘንድ ሬሳ ከቤት ከወጣ መቃብሩ አፍ እስኪደርስ መሬት አይነካም፤ ከነካ ከዚያው ቤት ሌላ ሰው ሞት ይጠራል። ዛሬ ሣጥኑን ትከሻ ለትከሻ እየተቀባበልን ሐዲዱ ዘንድ ስንደርስ የባቡር ኩባንያው ዘበኛ ጠመንጃውን አግድሞ አስቆመን። መርከብ ስለገባ፣ ወደ ካሊፎርኒያ የሚሄዱትን የጫነው ባቡር እስኪያልፍ ማንም አይሻገርም ተባለ። ባቡሩ ደግሞ ዘግይቷል።

«አስቀምጡት እንጂ፣ ምን አስጨነቃችሁ?» አለን ዘበኛው።

«አንተንስ ሰው ነው የወለደህ?» አለችው ጎረቤታችን ዶኛ ካንዴላሪያ።

«እማማ፣ ትዕዛዝ ነው። እኔን ምን አርግ ነው የሚሉኝ?»

የካርታኼና ልጅ ነው፤ የገዛ አገራችን ሰው። ክቡርነትዎ እኛን የሚያስቆመንን እንኳ ከባሕር ማዶ አላስመጡብንም።

ፀሐዩ አናት ይበሳል። የእናቴ ታናሽ ወንድም አጎቴ ኡርባኖ ሽማግሌ ነው፤ ሣጥኑን በመሸከም ልተካህ ብለው እምቢ አለኝ። «እኔን አዝላ ነው ያሳደገችኝ፤ ዞር በል!» አለኝ። ዞር አልኩ። ባቡሩ ሲደርስ መንገደኞቹ ባርኔጣቸውን እያወለበለቡልን አለፉ፤ ሠርገኞች መስለናቸው ይሆናል። ያኔ የአጎቴ ጉልበት ከዳው። ሁላችንም ሣጥኑን ለመያዝ ተረባረብን፤ እሱን የያዘው አልነበረም። እናቴ መሬት አልነካችም። አጎቴ ግን ከወደቀበት አልተነሣም። ተናደድኩ ብል ያንሳል።

ሦስተኛው አቤቱታ ሳይሆን ልመና ነው። እንግዳው ከእኛ እኩል እንዲታይ በውል እንደተፈቀደለት ሁሉ፣ እኛም ከእንግዳው እኩል እንድንታይ ይፈቀድልን። ነገ አጎቴን እንቀብራለን፤ ሣጥኑ ሐዲዱን እስኪሻገር ባቡሩ ለአፍታ ይቁምልን።

መንገዱ በተከፈተ ጊዜ ያጨበጨበ፣ ዛሬም ከሐዲዱ ወዲህ ቆሞ ፈቃድዎን የሚጠባበቅ ታዛዥ አገልጋይዎ፣

አምብሮሲዮ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን የሚያደርስልኝ ሰው ሳላገኝ የቀብሩ ሰዓት ደረሰ። ዘበኛው ሌላ መርከብ መግባቱን ነገረን። በዚህኛው ጊዜ አልተከራከርንም፤ አጎቴን ከሐዲዱ ወዲህ፣ በወደቀበት ቦታ ቀበርነው። መስቀሉ ከባቡሩ መስኮት ይታያል። እንግዶችዎ የማን መቃብር ነው ብለው ቢጠይቁ፣ በገዛ አገሩ ለማለፍ ተራ ይጠብቅ የነበረ ሰው ነው ይበሉልን።