የአባዬ ግብረ አበር

ጥቅምት 4
አባዬ ዛሬ ማዶ ለቆመ ሰውዬ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠ። የልብስ ሱቅ አሻንጉሊት ነው። "ኩሩ ሰው ነው፣ አይመልስም" አለኝ። ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። በኋላ ትዝ አለኝ... አባዬ አውቶቡስ ነጂ ነው እኮ።

ጥቅምት 9
መንጃ ፈቃዱ ሊታደስ ስለሆነ የዓይን ምርመራ አለበት። ክሊኒክ ሄደን ለሰኞ ተቀጠርን። እሱ ወረፋ ሲጠይቅ፣ እኔ በተከፈተው በር ሰንጠረዡን አየሁት። ሹካ የመሰለ ምልክት ወዴት እንደዞረ መናገር ነው። ደብተሬ ላይ ገለበጥኩት። ማንም አላዘዘኝም።

ማታ ሳህን እያጠብኩ አስጠናሁት።
"ቀኝ፣ ታች፣ ታች፣ ግራ።"
"ቀኝ፣ ታች፣ ግራ..."
"አባዬ፣ እንደዚህ ከሆነ ክፍል ትደግማለህ።"
ሳቀ። እንዲህ ከሳቀ ስንት ጊዜው...

ጥቅምት 14
አለፈ። ነርሷ "የወጣት ዓይን ነው ያለዎት" አለችው። ስንወጣ ትከሻዬን አቅፎ "ግብረ አበሬ" አለኝ። ደስ አለኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር?

ጥቅምት 16
"ግብረ አበር" ምን ማለት እንደሆነ የቋንቋ አስተማሪያችንን ጠየቅኩት። ነጠላ ሰረዝ ነው የምንለው፤ በየቃሉ መሃል ስለሚያርፍ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ይደወላል።
"ግብር... ሥራ ነው፣ ድርጊት። አበረ... ተባበረ፣ አንድ ሆነ። በድርጊት... ያበረ።"
"ታዲያ ወንጀሉ የቱ ጋ ነው?"
"ከሁለቱም ውስጥ የለም። ሰው ግን ለጥፋት ሲሆን ነው የሚጠራው። ለምን ጠየቅሽ?"
"ለአጠቃላይ ዕውቀት።"
አላመነኝም። እኔ ያበርኩት ምን ላይ ነው? ማስጠናት ጥፋት ነው?

ጥቅምት 22
በእሱ አውቶቡስ ተሳፍሬ ከኋላው ቆምኩ። ገበያው ማቋረጫ ላይ አንዲት ሴት ልጇን በእጇ ይዛ እየተሻገረች ነው። እሱ ፍጥነት አልቀነሰም።
"አባዬ፣ ሰው" ብዬ ጮህኩ።
ፍሬኑን ረገጠው፤ ተሳፋሪው እርስ በርሱ ተላተመ። ማንም አልተነካም። የልጁ አንድ እግር ጫማ ግን አስፋልቱ ላይ ቀረ።
"አይቻታለሁ እኮ" አለ።
አላያትም። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ጥቅምት 23
"አባዬ፣ በቃህ፣ አትንዳ" አልኩት።
"ሃያ ስድስት ዓመት ነድቻለሁ። አንቺ ብስክሌት እንኳ አትችዪም።"
እውነቱን ነው። አልችልም።

ጥቅምት 24
ክሊኒክ ሄድኩ። ነርሷ ፊት፣ ለሰንጠረዡ ጀርባዬን ሰጥቼ ከላይ እስከ ታች በቃሌ አልኩት። አንድም አልሳትኩም።
"ማነው ያስጠናሽ?" አለች እየሳቀች።
"እኔ ነኝ ያስጠናሁት። አባቴን።"
ሳቋ ቆመ። ተነስታ ፋይሉን ፍለጋ ገባች።

ኅዳር 5
ፈቃዱን ወሰዱበት። መሥሪያ ቤቱ ዕቃ ክፍል አስገብቶታል። አሥራ አንድ ቀን አላናገረኝም። ገበታ ላይ እማዬ ናት አስተርጓሚያችን። "አባትሽ ጨው አቀብዪኝ ይላል።" አጠገቤ ተቀምጦ። ጨዋታ ቢሆን እስቅ ነበር...

ኅዳር 8
እማዬ ለሁለታችን አንድ ዘንቢል ሰጥታ ገበያ ላከችን። ሆን ብላ ነው፣ አውቃታለሁ። አስፋልቱ ጠርዝ ስንደርስ ቆመ። ብዙ ቆመ። ከዚያ የሹራቤን እጅጌ ያዘ።
"የሚመጣ አለ?"
"አንድ ነጭ መኪና። ይለፍ።"
አለፈ።
"አሁንስ?"
"አሁን የለም።"
ተሻገርን። ማዶ ደርሰንም እጅጌዬን አልለቀቀውም።