ከሲጋራ ወደ እንፋሎት

ማርች 3፣ ሰኞ
ዝናብ። ቁርስ በላን፤ ከዚያ እንደ ወትሮው እኔና ኔስታ ጓሮ ወጥተን አጨስን። ከተጋባን ጀምሮ የቤታችን ጉዳይ ሁሉ የሚያልቀው እዚያ ነው... የልጃችን የሪስ ወደ አውስትራሊያ መሄድ፣ የኔስታ እናት ቀብር፣ ሁሉም። ዛሬ ሳሌ አላስወራ አለኝ። እስኪለቀኝ ድረስ ሲጋራዬን ይዛልኝ ቆመች።

ማርች 6
ክሊኒክ ሄድኩ። ሲስተሯ የትንፋሽ መለኪያው ውስጥ ይንፉ አለችኝ። ነፋሁ። ፊቷ ላይ ምንም አላነበብኩም... ያ ነው ያስፈራኝ። ሲጋራ በቃዎት አለች። ቆዳ ላይ የሚለጠፈውንም፣ ማስቲካውንም ሞክሬ አልሆነልኝም አልኳት። እንግዲያው የኤሌክትሪክ ሲጋራ ይሞክሩ፤ ጉዳት የለውም አልልዎትም፣ ከሚያጨሱት ግን ይሻላል፤ ብቻ ሁለቱን አንድ ላይ አያድርጉ አለች።
ለኔስታ ነገርኳት። ሳቀች። «በዚህ ዕድሜህ እንደ ጎረምሳ ደመና ልትተፋ?»

ማርች 8፣ ቅዳሜ
ስዋንሲ ከተማ፣ ገበያው አጠገብ ያለው የቬፕ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሲጋራ፣ ሱቅ ገባሁ። ከረሜላ ቤት ይመስላል። የትኛው ነው የኔ? ሻጯ፣ ካርሊ ትባላለች፣ በቀን ስንት እንደማጨስ ጠየቀችኝ። አፍሬ ቀነስኩላት። ዓይኔ ትልቋ ላይ አረፈ... ከበድ ያለች፣ የሚበራ መስኮት ያላት። ለጀማሪ ትንሿ ትሻላለች ብትለኝም አልሰማኋትም። ትልቋ የወንድ ዕቃ ትመስላለቻ።

ማርች 9
ሳብኩ። ጓሮው ጉም በጉም ሆነ። ዓይኔ እስኪያለቅስ ሳልኩ። ሱሱ ደግሞ እንዳለ ነው። ኔስታ ሳቋን ስትጨርስ ከራሷ ሲጋራ አንድ ሰጠችኝ። አጨስኩ።

ማርች 11
ተመልሼ ሄድኩ። በቀን የማጨሰውን እውነተኛውን ቁጥር ለካርሊ ነገርኳት። አልተቆጣችም፤ ትንሽ የሚያጨሱ መስሎኝ ኒኮቲኑ ቀላል የሆነውን ፈሳሽ ሞልቼ ሰጠሁዎት አለች። ትንሿን አወጣች። ላይተር ታክላለች፣ ቁልፍ እንኳ የላትም። ፈሳሹ ሲያልቅ ትሞላለች። ኒኮቲኑ ጠንከር ያለ። እንደ ሲጋራ አይማጉት፣ ቀስ ብለው ይሳቡ አለችኝ። የትንባሆ ጣዕም ያለውን ቀመስኩ... እርጥብ ካርቶን። የናና ጣዕም ያለውን ወሰድኩ።

ማርች 14
ትንሿ ሠራች። ጠዋት እጄ ወደ ሲጋራው ሄዶ... ተመለሰ።

ማርች 20
አንድም አላጨስኩም። ግን ኔስታ አሁን ብቻዋን ነው የምትወጣው። ሽታው እንዳይጎትተኝ እቤት እቀራለሁ። በመስኮት ጀርባዋን አያለሁ። እራት ላይ ጨው አቀብለኝ ከማለት በቀር አልተናገረችም። ሳንባዬን ላድን ብዬ ሚስቴን አጣሁ እንዴ?

ማርች 27
ሪስ ደወለ። ከሚስቱ ጋር ተለያይተዋል። ኔስታ ስልኩን አስቀምጣ ወደ ጓሮ ወጣች። ተከተልኳት። የሲጋራ ፓኮዋን ዘረጋችልኝ። እምቢ ብል እሷን እምቢ ያልኩ መሰለኝ... ትንሿን ከኪሴ አወጣሁ። «ይኸው እኔም ይዣለሁ። አውሪኝ» አልኳት። አወራች። እስኪበርደን ድረስ።

ኤፕሪል 12፣ ቅዳሜ
ጠዋት ሻይ ይዛልኝ መጣች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሌሊት ሌሊት እየነቃች እጇን ደረቴ ላይ እንደምታደርግ ነገረችኝ። ለምን? አልኳት።
«ሳልህን እየሰማሁ ነበር የምተኛው፣ ኤምሪስ። አሁን ሳልህ ጠፍቶ ዝም ስትል የሞትክ ይመስለኛል።»
ሻዬን ጠጣሁ።
ከሰዓት በኋላ ካፖርቷን ለብሳ በር ላይ ቆመች። ካርሊ ጋ ውሰደኝ፣ ለማየት ብቻ ነው አለች። መንገዱን ሙሉ ይህንኑ ስትደጋግም ሄደች። ሱቁ ውስጥ ትንሿን ላሳያት ስል እጄን ገፋ አደረገችው። ወደ ካርሊ ጠጋ አለች።
«እሱን ተዪው። እኔ በቀን ሃያ አጨሳለሁ። ፈርቻለሁ።»
ስንቱን አብረን አሳልፈናል... ፈራሁ ስትል ግን ሰምቻት አላውቅም።