የጋኑ መቀመጫ

ሰኞ፣ ጥቅምት 24፤ ጠዋት 1፡30

ጨርቅና ባልዲ ይዤ ምድር ቤት ነኝ። ዛሬም ረጥቧል። ቤታችን ቁልቁለት ላይ ነው፤ በመንገዱ በኩል ደህና ቤት፣ በሐይቁ በኩል ግማሹ መሬት ውስጥ። ጠላ የምጠምቀው እዚያ ነው። አፈሩ ያልበዋል። ከጋኑ ሥር ነጭ ሻጋታ።

ማስታወሻዬ፣ አምናን ታስታውሻለሽ። የማኅበር ተራዬ ነበር፤ ጠላው ጭቃ ጭቃ አለ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን አስነክተው አስቀመጡት። ወ/ሮ ትርንጎማ እስከ ገበያ አወራችው፦ "እግር መታጠቢያ ነው የቀዳችልን!" ዘንድሮ ኅዳር 21 ተራዬ ተመልሶ ደርሷል። ጥንስሱ ኅዳር 8 መግባት አለበት። ከዚያ በፊት ወለሉ!

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26፤ ከሰዓት

ሴራሚክ! ሱቅ ገብቼ ፊቴን አየሁበት። ዋጋውን ስሰማ ወጣሁ። ባለቤቴ ጌ. ግን፣ ወንድሙ መታጠቢያ ቤት ሲሠራ የተረፈ አለ ይላል። በነጻ! ደስታዬ እስከ ከሰዓት ነበር።

ጎረቤቴ ዘይነባ መጣች። የማያሰክረውን የገብስ መጠጧን፣ ቀሪቦዋን፣ የምታኖረው እኔው ምድር ቤት ነው፤ የእሷ ጋን በቀኝ፣ ከእናቴ የወረስኩት የእኔው በግራ። ጌ. ለናሙና ያመጣትን አንዷን ሴራሚክ መሬት አስቀምጣ አተላ አፈሰሰችባት። በይ እርገጪያት አለችኝ። ረገጥኩ። አሁን ወገቤን ይዤ ነው የምጽፈው። "ወላሂ፣ አንቺ ማኅበርተኛ ሳይሆን ወጌሻ ነው የምትጠሪው!" አለች እየሳቀች።

ዓርብ፣ ጥቅምት 28

የፕላስቲክ ምንጣፍ አማረኝ። ርካሽ፣ አበባ አበባ ያለው። ወ/ሮ ትርንጎ ጓዳዋን በእሱ ሸፍናለች። ለጥየቃ ሄድኩና፣ ዞር ስትል ጥጉን ገለጥ አደረግሁት። ጥቁር! ሽታው! አፈሩ ታፍኖ ከሥር በስብሷል። ቶሎ መለስኩት። ለማንም አልናገርም። ለዘይነባ ብቻ ነው የነገርኳት።

ጌ. ቢራ በሳጥን ለምን አናቀርብም ይላል። የእናቴ ጋን ቆሞ? አኮረፍኩት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29

ግንበኛው ጋሽ ይመር መጡ። አፈሩን በጫማቸው ጫር ጫር። ፍርዳቸው፦ ከሥር ድንጋይና ጠጠር፣ በላዩ ሲሚንቶ፣ ፊቱ ሻካራ፤ ወደ በሩ ዘንበል ይበልና ውሃው በቦይ ይውጣ። ድንጋዩ ጓሮ አለ። "ሴራሚክ ለእንግዳ ነው፤ ይኼ ለልጅ ልጅ ነው" አሉ። ኮስተር ብለው ሲናገሩ አለማመን አይቻልም። ጌ. ነገ ይቆፍራል። ታርቄዋለሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 1፤ ከቀኑ 10 ሰዓት

አለቀ! ልሙጥ አይደለም፣ ግን ለጥ ያለ። ሦስታችን በር ላይ ቆመን እናደንቃለን። ዘይነባ ደረሰች። ማሻ አላህ አለች። ወለሉን ዞር ዞር ብላ አየችና፦ "ጋኖቹስ የት ሊቀመጡ ነው?"

የጋን ቂጥ ክብ ነው! አፈሩ ላይ ጎድጓድ ነበረው፤ ማንም አላሰበበትም። ማቶት፣ ከሳር የሚጠቀለለው ማስቀመጫ? እሱ ለእንስራ ነው፤ የሞላ ጋን ሳሩን ጨፍልቆ ይንከባለላል። ጋሽ ይመር ባርኔጣቸውን አወለቁ። "እኔ ጠላውን እጠጣለሁ እንጂ ጋኑን መች አየሁት!"

ሲሚንቶው ገና እርጥብ ነው። የእናቴን ጋን እንጫነው? ቢሰነጠቅስ? ዘይነባ ወደ ጓሮ ሮጠች። የተሰበረው ጋን! ግማሹ ቀርቶ ዶሮዬ የምትታቀፍበት። "ውጪ አንቺ፣ እናትሽም እዚህ አልተወለደች!" ዶሮዋ እየጮኸች ወጣች፤ እንቁላሎቹን በነጠላዬ ተቀበልኩ። ጋሽ ይመር በካዙላቸው፣ በግንበኛ ማንኪያቸው፣ ሲሚንቶውን ጎደጎድ አደረጉት፣ የተሰበረውን ጋን ቂጥ ዘይት ቀባን፣ ጫን፣ ዞር፣ ጫን። አንድ በግራ። አንድ በቀኝ። ዶሮዋ እስካሁን አኩርፋኛለች።

ሰኞ፣ ኅዳር 8፤ ጠዋት 3 ሰዓት

ሲሚንቶውን ስድስት ቀን ውሃ አጠጣሁት፤ ከትናንት ጀምሮ ተውኩት። ዛሬ የእናቴን ጋን አወረድን። ገፋ አደረግሁት፤ ንቅንቅ የለም። መዳፌን ወለሉ ላይ ዘረጋሁ። ደረቅ። ማስታወሻዬ፣ ደረቅ! ጥንስሱ ገባ።

የማኅበራችን ሙሴ፣ ሰብሳቢው፣ ደወሉ። በትሕትና፦ ካልተመቸሽ ተራሽን ለትርንጎ ላዛውረው ወይ? ማን እንዳሳሰባቸው አላጣሁትም። አይዛወርም አልኳቸው። ትርንጎም ትምጣ፤ ትልቁን ዋንጫ ለእሷ ነው የማስቀምጠው።

ዘይነባ ከታች ትጣራለች። ጋኗን ልታወርድ ነው፤ አንዱን ጆሮ እኔ ካልያዝኩላት በቀር እንዴት ትችለዋለች? መጣሁ!