ከአንገት ያልወረደችው የሮም ወርቅ

ለምወድሽ እኅቴ ለእትዬ አትክልት፣

ሰላምታዬ ከደጅሽ ጀምሮ እስከ ጓዳሽ ድረስ ይግባልሽ። እንዴት ከርመሻል? የጉልበትሽ ሕመም በክረምቱ እንደ ጠናብሽ ጋሽ ዓባይነህ በሰው ልኮብኝ አሳብ ገብቶኝ ነበር፤ አሁን በበጋው ተሻለሽ ወይ? እማዬስ፣ ዓይኗ እንዴት ሆነ? እኔ አምላክ ይመስገን በሥጋዬ ደኅና ነኝ። በልቤም ደኅና ነኝ ብልሽ ግን ውሸት ይሆንብኛል።

ኮሌጅ እንደ ጨረስኩ ሰበታ ለአስተማሪነት መመደቤን ታውቂያለሽ። የምኖረው እማማ ወርቅቱ ግቢ ተከራይቼ ነው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ የዚሁ አገር ኦሮሞ፣ ከአንድ ልጃቸው ከተረፈች ጋር የሚኖሩ ሴት ናቸው። ጠዋት ሲያገኙኝ «አካም ቡልቴ፣ አስተማሪው?» ይሉኛል፣ እንዴት አደርክ ማለታቸው ነው፤ ከልጃቸው ለይተው አያዩኝም። ማተባቸው ላይ፣ ከመስቀላቸው ጎን፣ የተበሳች የወርቅ ሳንቲም አለች። አያታቸው ከሰሜን ከመጣ ነጋዴ በበቅሎ ለውጠው ያገኟት ናት አሉ። አንድ ቀን ጎንበስ ሲሉ አየኋትና ባለሁበት ቀረሁ። የንጉሥ ራስ በጎኑ ተቀርጾባታል፣ ዙሪያዋን የላቲን ፊደል አለ። ፊደሉን አንድ በአንድ ስለቅመው የሮሙ ቆስጠንጢኖስ ሆኖ አገኘሁት። ለእማማ ስነግራቸው «የእሌኒ ልጅ? ታዲያ ከመስቀሉ ጎን ቦታውን አልሳተም» ብለው ሳቁ።

አዲስ አበባ ገብቼ ለቀድሞው ፈረንጅ አስተማሪዬ ነገርኩት። «መልኩን ማንም አንጥረኛ አስመስሎ ያወጣዋል፤ ክብደቱን ግን አይገጥምለትም። እውነተኛው ወደ አራት ግራም ተኩል ነው። ከክሩ አውጥተህ በትክክል መዝን» አለኝ። እስከ የካቲት መጨረሻ ሪፖርቱን ካደረስኩለት የጥንት ዕቃ ከሚጠናበት ክፍል በረዳትነት ሊያስገባኝ ቃል ገባ። እትዬ፣ ማስተማሩን ጠልቼው አይደለም፤ የተማርኩት ግን ለዚህ ነበር፣ እንቅልፍ አጣሁ።

መድኃኒት ቤት ያለው ተሾመ ባለመስተዋት ሣጥኑን ሚዛን አዋሰኝ። «ካጣመምክብኝ መድኃኒቱን በእፍኝ ነው የምሰፍረው፤ ለሚሞተው ሰው አንተ ትጠየቃለህ» እያለ ነው የሰጠኝ።

እማማ ግን አላወርዳትም አሉ። አስቀድመን ሌላ ማተብ እንሰርልዎ ብልም እንቢ አሉ። ለካ ልጆቻቸው እየሞቱ ሲያስቸግሯቸው፣ ይህቺ ልጅ ብትተርፍልኝ በሕይወቴ እያለሁ ሳንቲሟን ከአንገቴ አላወርድም ብለው ለማርያም ተስለው ኖሯል። የተረፈች ስም የወጣው በዚያ ነው። «ከፈለግህ እኔኑ ከነማተቤ መዝነኝና እኔን ቀንሰኝ» አሉኝ።

እንደዚያው ልናደርግ ሞከርን። ሚዛኑ አጠገብ ተቀምጠው ጎንበስ አሉልኝ፤ ክሩን አላልቼ ሳንቲሟን ሳህኑ ላይ አሳረፍኳት። እሳቸው በተነፈሱ ቁጥር ጠቋሚው ወዲያና ወዲህ ይላል። «ቆይ» ብለው ትንፋሻቸውን ያዙልኝ። ሊረጋ ጥቂት ሲቀረው ሳል አጣደፋቸው። ሳሉ ድሮም ነበረባቸው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ከአልጋ አልወረዱም።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ልምጣ። በየጠዋቱ «አካም ቡልተን፣ እማማ» እያልኩ እገባለሁ። የካቲት እየገፋ ሲሄድ ግን ይህ ጥያቄዬ ንጹሕ አልሆን አለኝ። አንድ ጠዋት ቤቱ ጭር ብሎ አገኘሁት፤ አርፈው ይሆን ብዬ ከመደንገጤ በፊት ሚዛኑ ትዝ አለኝ። እትዬ፣ ይህን ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም።

እሳቸው ሳያውቁብኝ አልቀረም። ተረፈችን ጠርተው በፊቴ «ዓይኔን ስከድን ፈትተሽ ስጪው። መዝኖ ሲጨርስ መልሳችሁ እሰሩልኝና ቅበሩኝ» አሏት። ወደ እኔም ዞረው «አይዞህ፣ አላቆይህም» አሉኝ። ተረፈች ደጅ ድረስ ተከትላኝ «ታዲያ አሁን ደስ አለህ?» አለችኝ። «ነገ ሐኪም ቤት እንውሰዳቸው» አልኳት።

በማግሥቱ ሁለታችን ደግፈን አዲስ አበባ ሐኪም ቤት አደረስናቸው። ሳንባቸው ነው ተባለ፤ መድኃኒት ጀምረዋል፣ እህልም ትንሽ ትንሽ ይቀምሳሉ። እድናለሁም አልድንምም አይሉም። እኔም ሚዛኑን ለተሾመ መልሼ ሪፖርቱን ጻፍኩ፤ መልኩን፣ ፊደሉን፣ ስፋቱን፣ ቀዳዳውን ሁሉ። ክብደት በሚለው ፊት «አልተመዘነም፤ ባለቤቷ በሕይወት አሉ» ብዬ ላክሁለት። እስካሁን መልስ የለም። ሥራው የሚቀርብኝ ይመስለኛል፤ አልዋሽሽም፣ ያንገበግበኛል።

ጋሽ ዓባይነህን በብርቱ ሳሚልኝ። ልጅሽን ወርቅውሃን ትምህርቷን እንዳታቋርጥ፣ በርቺ በይልኝ። የእማዬን ጉልበት ስሜያለሁ፤ በጸሎቷ በክርስትና ስማቸው ወለተ ማርያም እያለች እማማ ወርቅቱን ታስብልኝ፣ ዕድሜ እንዲጨመርላቸው። እኔም እለምናለሁ፤ ነገር ግን የእኔ ልመና ከልቤ መሆኑን እስካውቅ ድረስ የእሷ ይቅደም።

ወንድምሽ አሥራት
ሰበታ፣ የካቲት ፳፬ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.