ባዶ ቤት ሲያጋጥም ወደ ቀጣዩ ይለፉ

ለተከበሩ የሀገር አቀፍ የቤተሰብ ኑሮና የሕዝብ አገልግሎት ጥናት ዋና ኃላፊ፤
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዲጠበቅ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ በደህና ወጥተው በደህና እንዲገቡ፣ ቤትዎም መቼም ቢሆን በር የሚከፍት ሰው እንዳያጣ ከልቤ እመኛለሁ። ስለ እኔ ከጠየቁ፣ ከሞቱት በላይ ካሉት በታች ሆኜ አለሁ። ስሜ ፋሌሲ ምቴንጄ ይባላል፤ በሐይቁ ዳር፣ በምቼንጋ መንደር፣ ኡሲፓ የምንላትን ትንሽ ዓሣ አድርቄ እየሸጥኩ የምኖር ሴት ነኝ። ደፍሬ የጻፍኩልዎ በሬዲዮ «የሚቀጥለው ጥናት ጥያቄዎች እየተነደፉ ስለሆነ ሕዝቡ አስተያየቱን ይስጥ» ብለው ስለጋበዙን ነው። ሳይጋበዙ መናገር ነውር ነው፤ ተጋብዞ ዝም ማለት ደግሞ ንቀት ይመስልብኛል።

አንደኛ፤ ባለፈው ጥናት ስለላኩልን ጠያቂ እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ። ጨዋ ልጅ ናት፤ እንደ ወጋችን ተንበርክካ ነው ሰላም ያለችን። የያዘችው ታብሌት የመረጠላት ቤት ግን የእኔ አልነበረም፤ የታናሽ እህቴ የኤኒፋ ነበር። ከእኔ ቤትና ከልጄ ከማዳሊሶ ቤት መካከል ያለው፣ ጣሪያው ጎበጥ ያለው ማለት ነው። ኤኒፋ ባለፈው የዝናብ ወራት ምጥ ይዟት በብስክሌት ወደ ጤና ጣቢያ ስንወስዳት ወንዙ ሞልቶ ጠበቀን። ውሃው እስኪጎድል ዳር ላይ ቁጭ ብለን ስንጠብቅ፣ እሷ መጠበቁን አልቻለችምና እዚያው ሞተች። ልጁንም ይዛው ሄደች። በእኛ ወግ ባል የሚኖረው በሚስቱ መንደር ስለሆነ፣ ሚስት ስትሞት ከለቅሶው በኋላ ወደ እናቱ አገር ይሸኛል። ባሏ ላይትዌልም ብርድ ልብሱንና የዓሣ መረቡን ተሸክሞ ሄደ፤ ልጆቹ ወደ እኔ መጡ፤ በሩም በሸምበቆ ታሰረ። በከተማ እናት ስትሞት አንድ ሰው ይጎድል ይሆናል፤ በእኛ ዘንድ ግን ቤቱ ራሱ ይጠፋል።

ልጅቷ ያንን በር አንኳኳች።

«እማማ፣ እዚህ ቤት ሰው የለም እንዴ?»

«የታሰረ በር ማን ይከፍትልሻል ልጄ?» አልኳት።

«እንግዲያው መመሪያው ወደ ቀጣዩ ቤት እለፊ ነው የሚለው። ቀጣዩ የእርስዎ ነው፤ እሰይ፣ ሩቅ አላስኬዱኝም!» አለችና ምንጣፌ ላይ ተቀመጠች። እኔም በእህቴ ፈንታ ተመርጬ መልስ መስጠት ጀመርኩ። ለዚህ ክብር ያበቃኝን መመሪያ የጻፈው ሰው እጁ ይባረክ እላለሁ።

ሁለተኛ፤ ቤተሰብ ማለት ከአንድ ድስት የሚበላ ነው መባሉ መልካም ነው። የኤኒፋ ልጆች ንሲማቸውን፣ የበቆሎ ገንፏቸውን ማለቴ ነው፣ ከእኔ ድስት ስለሚበሉ ከልጆቼ ጋር ተቆጠሩ። «የሁሉም እናት በሕይወት አለች?» ስባል «አለች» ብዬ መለስኩ። ዋሸች ብለው እንዳይመዘግቡብኝ እለምናለሁ። በእኛ ዘንድ የእናት ታላቅ እህት ታላቋ እናት ናት፤ እኔ ቆሜ እያለሁ እነዚህን ልጆች እናት የላቸውም ማለት እኔንም እነሱንም መስደብ ነው። የመጨረሻዋማ ቀሚሴን ይዛ «እናቴ ይቺውና! አይታይሽም እንዴ?» ብላ ጠያቂዋን ተቆጣቻት። ሁላችንም ሳቅን። ስስቅ ዓይኔ ከታሰረው በር ላይ አረፈ፤ ኤኒፋ ሰማችኝ ብዬ ፈራሁ። ዛሬም እፈራለሁ፤ ዓሣ ሳሰጣ ጀርባዬን ለዚያ በር መስጠት አልችልም።

ሦስተኛ፤ መልስዎ «የለም» ከሆነ ወደ አራተኛ ይለፉ። እኔም «በዚህ ቤት ባለፈው ዓመት የወለደች ሴት አለች?» ተብዬ «የለም» ስላልኩ፣ ስለ ጤና ጣቢያው፣ ስለ መንገዱና ስለ አዋላጇ ጠባይ የተዘጋጁት ያማሩ ጥያቄዎች ሁሉ አልፈውኝ ሄዱ። «ኧረ ስለ ወንዙ የምነግርሽ ነበረኝ» ብላት፣ ልጅቷ ታብሌቷን ደጋግማ ነካ ነካ አደረገችና «አይከፍትልኝም እኮ እማማ፣ ምን ላድርግ?» አለችኝ። አዘነች፤ ግን ምን ታድርግ።

አራተኛ፤ ስለ ውጤቱ እንኳን ደስ ያለዎት። ከተጠየቁት የወረዳችን እናቶች መካከል በወሊድ የሞተች አንዲትም እንዳልተገኘች በሬዲዮ ሰምተናል። እኔ በበኩሌ ሞታ ስትጠየቅ የመለሰች እናት አይቼ ስለማላውቅ ውጤቱን የምጠራጠርበት ምክንያት የለኝም። የመንደራችን ሹም ነፍሰ ጡሮች ወንዙ ሳይሞላ ተሻግረው የሚቆዩበት ማረፊያ ቤት እንዲሠራልን አመልክተው ነበር፤ ችግሩ በጥናቱ ስላልታየ ማረፊያው ለሌላ ወረዳ እንደተሰጠ ተነገራቸው። ይህን በስብሰባ ሲያስታውቁ «ጎበዝ፣ ለካስ አልሞትንም!» አሉ። ሰዉ ሳቀ፤ ቀጥሎ ግን ሁሉም በየሰፈሩ ወዳለው የታሰረ በር ዞር ዞር ብሎ አየ።

የሚቀጥለውን ቁጥር ትቼዋለሁ፤ ይህ አቤቱታ ሳይሆን ልመና ነው። ልጄ ማዳሊሶ ነፍሰ ጡር ናት። የምትወልደው ወንዙ በሚሞላበት ወር ነው። የእህቴን ቤት አሻግራ እያየች «እማ፣ አፍርሱት በቃ! ጥላው በራፌ ላይ እየወደቀ ነው» ትለኛለች። እኔ ግን አላፈርስም። በጥናቱ የለችም፣ በልጆቿ አፍ እናታቸው እኔ ነኝ፣ ቤቷም ከፈረሰ ኤኒፋ የምትባል ሴት ጭራሽ አልነበረችም ማለት ነው። ስለዚህ በአዲሱ ንድፍ ውስጥ ሁለት ጥያቄ ብቻ ይጨመርልኝ። በባዶው ቤት ማን ይኖር ነበር? እህትስ ነበረሽ ወይ? ሁለቱም አጭር ናቸው፤ ብዙ ቦታ አይወስዱም።

በትዕግሥት ስላነበቡልኝ፣ በሕይወት ካለነው ጋር ብቻ መነጋገር ስለሚወዱም እጅ እየነሳሁ፣

በእህቷ ፈንታ የተመረጠችው ትሑት ተጠያቂዎ፣
ፋሌሲ ምቴንጄ
ከምቼንጋ መንደር

ማስታወሻ፦ አዲሱ ጥናት ከዝናቡ በኋላ እንደሚጀመር ሰምቻለሁ። ምናልባት ዕጣው የማዳሊሶ ቤት ላይ ወድቆ ሠራተኛዎ በሩን ታስሮ ካገኘችው፣ እባክዎ ወደ ቀጣዩ ቤት እንዳትሄድ ከወዲሁ ይንገሯት። ቀጣዩ የኤኒፋ ነው፤ እዚያም የሚከፍትላት የለም።