የንቡ ነው ወይስ የተምቹ?

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

ንብ አናቢው አያ ታከለ ከመሸንቲ ደወሉልኝ። «ንቦቼ አለቁ፤ አንዷን ብሰነጥቃት ትል አገኘሁባት» አሉ። ባለፈው ሳምንት ቀፏቸው ላይ ያረፈ ዝንብ በስልካቸው አንስተው ሲልኩልኝ፣ እዚህ ባሕር ዳር ላቦራቶሪ ተቀምጬ «ተምች የሚያጠፋው ነው፤ አይንኩት» ያልኋቸው እኔ ነኝ። ትሉን ንብ ውስጥ ጥሎ የሚገድላት ዝንብም መልኩ ያው ነው። የሚለዩት በጀርባቸው ፀጉር ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ በፎቶው አይታይም። ይህን እያወቅሁ «አላውቅም» ለማለት አፈርሁ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አያ፤ ዝንቡ ሁለት ዓይነት ነው፤ የንብም ገዳይ አለ» አልኋቸው።

«ተይ እንጂ ልጄ፣ አንቺ ምን ታደርጊ!»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ከጎረቤታቸው ቀፎ የሌላ ዝንብ ፎቶ ላኩ። «ይህስ የትኛው ነው? ያልሽውን እናደርጋለን» ይላል መልእክታቸው። ደጋግሜ አጉልቼ አየሁት። መለየት አልቻልሁም። እሳቸው መልሴን እየጠበቁ ነው።